ከካንሰሩ ህዋስ የተገኘው የካንሰሩ መድኃኒት

ገራዶ ላይ ሲያርስ የከረመ የ65 ዓመት ሰው ወገቡን ቢያመው ማን ይገረማል? "የሥራ ነው" ይባላል፣ ማስታገሻ ይዋጣል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ሕመሙ ለሳምንታት ካለቀቀ፣ ድካምና የደም ማነስ ከተጨመረበት ወይም አጥንት በትንሽ ነገር ከተሰበረ ግን መልቲፕል ማየሎማ የሚባለው የደም ካንሰር ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

ማየሎማ ምንድን ነው?

አጥንታችን መቅኒ ውስጥ ፕላዝማ ሴል የሚባሉ ህዋሳት አሉ። ሥራቸው አንቲቦዲ ማምረት ነው፤ ይኸውም በሽታ አምጪ ነገር ላይ ተለጥፎ የሚያስመታ ፕሮቲን ነው። ከእነዚህ ህዋሳት አንዱ ገደቡን ጥሶ ሲራባ ማየሎማ ይሆናል። መቅኒውን ያጨናንቃል፣ አጥንትን ያሳሳል፤ የሚያመርተው የማይረባ ፕሮቲን ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል።

ታዲያ መድኃኒቱ ከየት መጣ?

አንቲቦዲ የሚሠራ ጤነኛ ህዋስ ከሰውነት ሲወጣ ብዙም አይቆይም። የማየሎማ ህዋስ ግን መራባቱን አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ1975 ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን ካምብሪጅ ውስጥ የአይጥ ማየሎማ ህዋስን አንቲቦዲ ከሚሠራ ህዋስ ጋር አዋሃዱ። የተገኘው ድቅል ሳይሞት አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያመርታል። ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ማለት ይህ ነው፤ በ1984 ኖቤል አሸልሟቸዋል። አያችሁ? መሣሪያውን ያዋሰን ራሱ ካንሰሩ ነው።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ዳራቱሙማብ አሜሪካ ውስጥ ለማየሎማ ተፈቀደ። የማየሎማ ህዋስ ገጽ ላይ በብዛት የሚገኘውን ሲዲ38 የተባለ ፕሮቲን ፈልጎ ይለጠፍበታል፤ የሰውነት መከላከያም ህዋሱን ይገድለዋል። በሽታውን ከሥሩ ነቅሎ ያድናል ማለት አይደለም፤ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሲሰጥ ግን ለረጅም ጊዜ ጋብ ያደርገዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሲዲ38 ቀይ የደም ህዋስ ላይም በጥቂቱ አለ። ስለዚህ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ደም ቢያስፈልገው፣ ምርመራው የሚስማማውን ደም እንኳ "አይስማማም" ሊል ይችላል። ይህ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ 6 ወር ይቆያል። ቤተሰባችሁ ውስጥ የሚወስድ ካለ፣ ሳይጀምር የደም ዓይነቱ ይመርመር፤ በኋላም የመድኃኒቱ ስም ለላብራቶሪው ይነገር።

ዋጋው ውድ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ቦርቴዞሚብና ሌናሊዶማይድን ለማየሎማ መሠረታዊ መድኃኒቶች ብሎ መዝግቧል፤ ስለ እነሱም ሐኪማችሁን ጠይቁ። የማይለቅ የወገብ ሕመም ካለባችሁ ደግሞ የደም ህዋሳት ቆጠራ፣ የካልሲየም፣ የኩላሊትና የደም ፕሮቲን ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ ለመጠየቅ አትፍሩ።