ወድቃ የተነሣች ትንሽ አይሮፕላንና የራዲዮ መሣሪያዋ

ለጨዋታም ለትምህርትም የምትበረው ትንሽ አይሮፕላን በአየር ላይ ሳለች ከባለቤቷ ጋር የሚያገናኛት ክር የለም፤ የምትታዘዘው በእጁ ካለው አስተላላፊ በሚመጣው የራዲዮ ሞገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ወድቃ ክንፏ ቢጠገን እንኳ፥ መሣሪያዋ ሳይመረመር ማብረር በሰው መካከል ድንጋይ እንደ መወርወር ይቆጠራል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ባትሪው ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የሊቲየም ባትሪ ከተመታ በኋላ ደኅና መስሎ ቆይቶ ሊቃጠል ይችላል። እንግዲህ ነቅላችሁ ከቤት ውጭ፥ የሚቀጣጠል ነገር በሌለበት ስፍራ አቆዩት። ያበጠ ወይም የተቀደደ ከሆነ ከቶ ኤሌክትሪክ አትሙሉበት።

ሁለተኛው ተቀባዩ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ተቀባይ ሞገዱን የሚይዝበት የአንቴና ጫፍ ብዙውን ጊዜ 31 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ይህም የሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ ነው። ይህ ጫፍ ቢቆረጥ ተቀባዩ በቅርብ ይሰማል፥ በሩቅ ግን ይደነቁራል።

ሦስተኛ፥ ክንፍና ጅራቱን የሚያዙት ትንንሽ ሞተሮች ጥርሳቸው ተሸርፎ እንደሆነ ቀስ ብላችሁ እያንቀሳቀሳችሁ መርምሩ።

በመጨረሻ ፕሮፔለሩን አውልቁ። የአስተላላፊውን ኃይል በመፈተኛው ቁልፍ ቀንሳችሁ፥ ፋብሪካው በወሰነው ርቀት፥ ብዙውን ጊዜ 30 እርምጃ ያህል ርቃችሁ እያንዳንዱን ትእዛዝ ፈትኑ። አስተላላፊው ሲዘጋም ሞተሩ በራሱ መቆም አለበት።

ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል አይሮፕላኗ አትነሣ። የመሣሪያ ዋጋ በገንዘብ ይተካል፤ በሥሯ የቆመ ሕፃን ዐይን ግን አይተካም።