ጣና ላይ ወፍ ልናይ ሄደን፣ የአስጎብኚያችን ሕመም ተገኘ



ባለፈው ጥር ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ተከራይተን፣ ወፎችን ጠንቅቆ የሚያውቅ ወጣት አስጎብኚ ይዘን አንድ ቀን ሙሉ ጣና ላይ ዋልን። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ቀን ነው። ታሪኩን የምነግራችሁም በእሱ ፈቃድ ነው።

ጣናን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። አውሮፓና እስያ ብርድ ሲገባ ብዙ ወፎች ወደ እኛ ይሰደዳሉ፤ ስለዚህ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለማየት ይመቻል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስተን ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ስንጠጋ ፔሊካኖች ተሰብስበው ይዋኛሉ። ዓሣ በል ንስሩ ዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ይጮኻል። ጥቁርና ነጭ የሆነች ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ደግሞ አየር ላይ ባለችበት ክንፏን ስታርገበግብ ቆይታ እንደ ድንጋይ ውኃው ውስጥ ትወረወራለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስልኬን ለአራት ሰዓት አልነካሁም! ጭንቀት ለበዛባችሁ አንድ ቀን እንዲህ መዋል ጥሩ እረፍት ነው።

ደብረ ማርያም ደሴት ዳር ስንደርስ ጀልባዋ ደንገሉ መሃል ተያዘች። አንዱ ጓደኛዬ ሊወርድ ሲል አስጎብኚው ቀደመው። ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገባና ጀልባዋን ጎተታት። «እናንተ እንዳትነከሩ!» አለን።

ቡና ስንጠጣ ጠጋ ብሎ በቀስታ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ። ለወራት ሆዱን ይቆርጠዋል፤ አልፎ አልፎም ሰገራው ላይ ደም ያያል። ሰዎች «ኪንታሮት ነው» ብለውት ቅባት ገዝቶ ሲቀባ ነው የከረመው።

«ሐይቁ ውስጥ ትገባለህ?» አልኩት።

ሳቀ። «ዶክተር፣ ተወልጄ ያደግኩት እኮ እዚሁ ነው!»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራውን ተመረመረ። የቢልሃርዝያ እንቁላል ተገኘበት።

ቢልሃርዝያ ምንድን ነው?

ቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል ነው። በሽታው ያለበት ሰው ውኃ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ውኃው ውስጥ ይገባና ይፈለፈላል። ከዚያ በትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድግና ተመልሶ ውኃው ውስጥ ይለቀቃል። ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፤ ጤነኛ ቆዳ ይበቃዋል። በተለይ ቀንድ አውጣ የሚበዛበት፣ ሣርና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ አደገኛ ነው።

መጀመሪያ የቆዳ ማሳከክ ሊኖር ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ሳልና የሰውነት ቁርጥማት ሊመጣ ይችላል። ይሄኔ ብዙ ሰው «ወባ ነው» ወይም «ታይፎይድ ነው» ይላል። ቆይቶ የሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ሰገራ ይከተላል። ለዓመታት ካልታከመ ጉበትን ያጠነክራል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ደም እስከ ማስታወክም ያደርሳል። ምንም ምልክት የማያሳይ ሰውም አለ።

ጣና ስትሄዱ እነዚህን አስታውሱ፦

1. ጀልባው በደንብ ሳይጠጋ አትውረዱ። ዳርቻው ላይ አትዋኙ፣ በባዶ እግርም አትግቡ። ድንገት ከነካችሁ ቶሎ በፎጣ አድርቁ፤ ግን ይህ ብቻውን አስተማማኝ መከላከያ አይደለም።

2. ውኃ ውስጥ ከገባችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ተመርመሩ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ጣና ገብቼ ነበር» በሉ። አንድ ጊዜ ተመርምሮ አለመገኘቱ «የለም» ማለት አይደለም።

3. መድኃኒት አለው። ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ውሰዱ። አስቀድሞ ወስዶ መከላከል አይቻልም።

4. ባሕር ዳር ወባ አለ። ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ አጎበር ተጠቀሙ። ትኩሳት ከያዛችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ።

5. ላይፍ ጃኬቱን ልበሱት እንጂ አትቀመጡበት! ለፎቶ ብላችሁም ባለጀልባውን «ጉማሬው ጋ አስጠጋን» አትበሉት።

አስጎብኚያችን መድኃኒቱን ወስዶ ከሳምንታት በኋላ ደወለልኝ። ደሙ ቆሟል፣ ሆዱም ተሽሎታል። «አሁንስ ውኃ ውስጥ ትገባለህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ዶክተር፣ ጀልባዋን ታዲያ ማን ይጎትታታል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። መድኃኒቱ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ እንደገና እንዳይያዝ አያደርገውም። እኛ የአንድ ቀን እንግዶች ነን፤ እሱ ግን በየቀኑ እዚያው ነው። እስከ ጭን የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ ቢኖረው ብዙ ይጠቅመዋል፤ እኛ ሦስታችን ተዋጥተን ገዝተን ላክንለት። እናንተም ስትሄዱ ምቹ መውረጃ እስኪገኝ ታገሡ። እናንተ እንዳትነከሩ ሌላ ሰው ውኃ ውስጥ ሲገባ ካያችሁ «ተመርምረህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሐይቅ ዳር ለሚኖር ወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉለት።

መልካም ጤንነት!