የጋራ ኢንተርኔትን በአግባቡ ለማከፋፈል በራውተር ላይ የፍጥነት ገደብ እንዴት ይበጃል?

በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ቤተሰቦች ወጪውን እኩል ተካፍለው አንድ የኢንተርኔት መስመር አስገቡ እንበል። ምሽት ላይ አንደኛው ቤት ፊልም ማውረድ ሲጀምር የሌሎቹ ይንቀረፈፋል። ተማሪው የምዝገባ ቅጹን መላክ ያቅተዋል፤ ባለሱቋም በስልክ የተላከላት ክፍያ መግባቱን ማረጋገጥ ይሳናታል። እኩል ከፍሎ እኩል አለመጠቀም በጎረቤታሞች መካከል ቅሬታ ይወልዳል። ተመሳሳይ ችግር በኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶች፣ በእንግዳ ማረፊያዎችና በካፌዎችም ያጋጥማል።

በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከወንዝ የተጠለፈ ውኃ መጠኑ የተወሰነ ነው። ከላይ ያለው ሰው ቦዩን ሙሉ በሙሉ ወደ ራሱ ማሳ ካዞረ ከታች ያለው ይደርቅበታል። የውኃ አባት ተመርጦ ተራና ልክ የሚያበጀውም ስለዚህ ነው። በኢንተርኔት መስመር ላይ ይህን ኃላፊነት ሊወጣ የሚችለው ራውተር ነው። ራውተር የመጣውን መስመር በገመድ ወይም በዋይፋይ ለስልኮችና ለኮምፒውተሮች የሚያዳርስ መሣሪያ ሲሆን፣ ልክ ካልተበጀለት ብዙ ለጠየቀ ብዙ ይሰጣል። ልክ ሲበጅለት ግን ከድርሻው ያለፈውን መረጃ ያዘገያል ወይም ይጥላል፤ ላኪውም ይህን ተገንዝቦ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ገደብ ከማበጀት በፊት የመስመሩን እውነተኛ ፍጥነት መለካት ይገባል። ልኬቱ ሌላ ተጠቃሚ በሌለበት ሰዓት ቢደረግ ይመረጣል። የመስመር ፍጥነት የሚገለጸው በሜጋ ቢት፣ የፋይል መጠን ደግሞ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት በመሆኑ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍ መስመር በሰከንድ የሚያወርደው 1.25 ሜጋ ባይት ነው። በዚህ ፍጥነት 100 ሜጋ ባይት ፋይል ለማውረድ 80 ሰከንድ ያህል ይወስዳል።

ቀጥሎ ከራውተሩ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ የራውተሩን አድራሻ መጻፍ ያስፈልጋል። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ሲሆን፣ ከመግቢያ ስሙና ከይለፍ ቃሉ ጋር በመሣሪያው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ማንም ገብቶ ገደቡን እንዳያነሳው የመግቢያውን የይለፍ ቃል ወዲያውኑ መቀየር ይገባል። የገደቡ ማስተካከያ በአብዛኞቹ ራውተሮች «ባንድዊድዝ ኮንትሮል» ወይም «ኪው ኦ ኤስ» በሚል ስያሜ፣ በማይክሮቲክ ራውተሮች ደግሞ «ሲምፕል ኪው» በሚል ይገኛል።

ቁጥሩ ከመሞላቱ በፊት መለኪያው ሊታይ ይገባል። በርካታ ራውተሮች የሚቀበሉት በኪሎ ቢት ነው። ለ2 ሜጋ ቢት 2000 ተብሎ መሞላት ሲገባው 2 ብቻ ከተጻፈ መስመሩ የተዘጋ ያህል ይሆናል።

የግቢው መስመር 10 ሜጋ ቢት ከሆነ የጠቅላላውን ጣሪያ 9 ሜጋ ቢት ማድረግ ይመከራል። መስመሩ እስከ ጫፉ ሲሞላ መረጃ ወረፋ ስለሚይዝ የድምፅ ጥሪ ይቆራረጣል፤ ትንሽ ክፍተት መተው ይህን ይከላከላል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ቤት ዝቅተኛውን ዋስትና 2፣ ከፍተኛውን 9 ሜጋ ቢት ማድረግ ይቻላል። በዚህ መንገድ ሁሉም ሲጠቀም ማንም ከድርሻው አይጎድልበትም፤ ሌሎቹ በማይጠቀሙበት ሰዓትም ውኃው ለሚያጠጣው ይለቀቃል። ራውተሩ ከፍተኛውን ወሰን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ግን 2 ብሎ መወሰን ሌሊት ማንም የማይነካውን ፍጥነት ያባክናል። ስለዚህ ብዙ የሚያወርዱትን መሣሪያዎች ብቻ መገደብ የተሻለ ነው። 2 ሜጋ ቢት ትንሽ አይደለም፤ ዩቲዩብ ለ480 ፒ ጥራት ቪዲዮ የሚመክረው 1.1 ሜጋ ቢት ነው።

የመላኪያው ፍጥነትም ሊዘነጋ አይገባም። አንድ ስልክ ፎቶዎችን በራሱ ወደ መጠባበቂያ ሲጭን የመላኪያውን መስመር ሞልቶ የሌሎቹንም ማውረድ ሊያዘገይ ይችላል።

ገደቡ በስልኩ መለያ ቁጥር፣ ማለትም በማክ አድራሻ ከተሰጠ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ የወጡ ስልኮች እውነተኛ መለያቸውን ደብቀው በተለዋጭ አድራሻ መገናኘት ይችላሉ። አድራሻው ሲቀየር ገደቡ ስለማይሠራ፣ ለግቢው ዋይፋይ ብቻ ይህን አሠራር ከስልኩ ላይ ማጥፋት ያስፈልጋል። ደንበኛ ለሚገባበት ካፌ ግን ለእንግዶች የተለየ ዋይፋይ ከፍቶ ገደቡን በእርሱ ላይ ማድረግ ይቀላል።

የፍጥነት ገደብ ከጥቅል ቁጠባ የተለየ መሆኑንም መገንዘብ ይገባል። የ1 ጊጋ ባይት ፋይል በዝግታም ቢወርድ ከጥቅሉ የሚቀንሰው ያው 1 ጊጋ ባይት ነው። ገደቡ የመስመሩን አቅምም አይጨምርም፤ ያለውን ያዳርሳል። በመሆኑም ተጠቃሚዎቹ አስቀድመው በድርሻው ላይ ቢስማሙና የይለፍ ቃሉን የሚይዘውን ሰው በጋራ ቢመርጡ ቅሬታን ማስቀረት ይችላሉ።