ደቀ መዝሙርነት፦ በእምነትና በዕለት ኑሮ

እንድናገርበት የተሰጠኝን ርእስ ብዙዎቻችሁ ከእኔ ይልቅ በተግባር ታውቁታላችሁ። እኔ የምችለው ቃሉን መፍታት፣ ቀጥሎም ቃሉ በሰው ኑሮ ላይ የሚጥለውን ዕዳ ማመልከት ነው።

ከስሙ ልጀምር። «ደቀ መዝሙር» የግእዝ ቃል ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «የመዝሙር ልጅ» ይሆናል። የግእዙ ወንጌል ግን የጌታን ተከታዮች «አርድእት» ይላቸዋል፤ ነጠላው «ረድእ» ነው፤ ረዳት ማለት ነው። ግሪኩ ደግሞ «ማቴቴስ» ይላል፤ ተማሪ። ልጅ፣ ረዳት፣ ተማሪ። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው እንዲታዩን ከፈለግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የቆሎ ተማሪውን ማስታወስ ይበቃል። ቅኔ ወይም ዜማ ሊማር ከአገሩ የወጣ ልጅ የሚገባው ወደ መማሪያ ክፍል አይደለም፤ ወደ የኔታ ደጅ ነው። በዚያ ጎጆውን ይቀልሳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቁራሹን በአኮፋዳ ለምኖ ያመጣል። ቀለሙን በጆሮው ይቀበላል፤ የመምህሩን ጾም፣ ትዕግሥትና ቁጣ ግን በዐይኑ ይማራል። የገሊላ ዓሣ አጥማጆችም የተማሩት በዚሁ መንገድ ነበር። ማርቆስ ዐሥራ ሁለቱ የተመረጡበትን ምክንያት ሲገልጽ፣ ለስብከት ከመላካቸው አስቀድሞ ከእርሱ ጋር መሆናቸውን ይጠቅሳል።

ነገር ግን ልዩነት አለ። የቆሎ ተማሪ መምህሩን ፈልጎ ይሄዳል፤ ሲበቃውም ወደ ሌላ መምህር ይሻገራል፤ በመጨረሻም ራሱ የኔታ ይባላል። በወንጌል ግን ጠሪው መምህሩ ነው፤ ምረቃ የሚባል ነገርም የለም። ስድሳ ዓመት ያገለገለ ሽማግሌም ሆነ ትናንት ያመነ ወጣት በዚያ ደጅ እኩል ተማሪዎች ናቸው።

ይህን የማነሣው በዘመናችን ደቀ መዝሙርነት የኮርስ ስም እየሆነ ስለ መጣ ነው። መጽሐፍ ይታደላል፣ ሳምንታት ይቆጠራሉ፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። እኔም ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁና አልንቀውም። ሆኖም በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ ያለው ተልእኮ በግሪኩ ሲነበብ ዋናው ትእዛዝ አንድ ግሥ ብቻ ነው፤ ደቀ መዝሙር ማድረግ። መሄዱ፣ ማጥመቁና ማስተማሩ ያንን ግሥ ያጅባሉ። ትምህርቱም የታዘዘውን ማሳወቅ ብቻ አይደለም፤ እንዲጠብቁት ማስተማር ነው። በማወቅና በመጠበቅ መካከል ያለውን ርቀት ምን ዓይነት ፈተና ሊለካው እንደሚችል፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈተና ሳወጣ ብኖርም አላገኘሁትም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ድኅነት በሥራ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጀርመናዊው ዲትሪሽ ቦንሆፈር በ1937 እ.ኤ.አ. ስለ ደቀ መዝሙርነት ባሳተመው መጽሐፍ የተጋፈጠው ይህንኑ ነው። እርሱ የሉተር ልጅ ነው፤ ጸጋ በገንዘብም በምግባርም እንደማይገዛ አይጠራጠርም። የነቀፈው ርካሽ ያደረጉትን ጸጋ ነው፤ ማለትም መከተል የሌለበትን ይቅርታ። በሚያዝያ 1945 እ.ኤ.አ. በናዚዎች እጅ ተሰቅሎ ሞተ። በእኛም አገር አቡነ ጴጥሮስ ለፋሺስት አልገዛም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሸኑ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ሳለ መንጋቸውን ጥለው ላለመሄድ ወሰኑ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ።

ስለ ሰማዕታት ስናገር ግን አንድ ስጋት ያድርብኛል፤ ከኋላቸው እንዳንሸሸግ። ከአብዛኞቻችን የሚፈለገው ደም ሳይሆን ደረሰኝ ነው። ስለዚህ ወደ ዘኬዎስ እንሂድ።

ዘኬዎስ በኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ ነበር። ቀራጭ ከታዘዘው በላይ ሰብስቦ ትርፉን ለራሱ ማስቀረት ይችል ነበር። ኢየሱስ ወደ ቤቱ የገባው ገና ምንም ሳይመልስ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ፤ ጸጋው ቀድሟል። ከዚያ በኋላ ዘኬዎስ ቆሞ የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች፣ በግፍ ለወሰደበት ሰው ሁሉ ደግሞ አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። የኦሪት ሕግ በደሉን ለተናዘዘ ሰው ያዘዘው ዋናውንና አንድ አምስተኛ ጭማሪ ነበር። መቶ ብር የወሰደ መቶ ሃያ ይመልሳል እንደ ማለት ነው። አራት እጥፍ የተደነገገው በግ ሰርቆ ላረደ ወይም ለሸጠ ሌባ ነው። እንግዲህ ዘኬዎስ ራሱን የዳኘው በሌባ ሕግ ነው፤ መቶ የወሰደው አራት መቶ ሊከፍል፣ ያውም እኩሌታው በተሰጠ ሀብት ላይ! ሌላው ቀራጭ ሌዊ ሁሉን ትቶ ተነሥቶ ተከተለ፤ ዘኬዎስ ግን ሥራውን ይልቀቅ አይልቀቅ ሉቃስ አልነገረንም። ለአንዱ መከተል ጠረጴዛውን መተው ነው፤ ለሌላው ምናልባት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ መሥራት።

በሐዲስ ኪዳን በስሟ ተጠርታ «ደቀ መዝሙር» የተባለች አንዲት ሴት ብቻ አለች፤ የኢዮጴዋ ጣቢታ። ስብከቷ አልተጻፈልንም። በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነው።

ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ የራሴን ብሰውር ነውር ይሆንብኛል። ከዓመታት በፊት የአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዬን የመመረቂያ ጽሑፍ አምስት ወር መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። በስብሰባ፣ በጉዞ፣ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎትም አሳበብሁ። የመከላከያው ቀን አለፈበት፤ አግኝቶት የነበረውም የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ቀረበት። ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ እሑድ ስለ ደቀ መዝሙርነት አስተምሬ ስወጣ በር ላይ አገኘሁት። በአክብሮት ሰላም አለኝና፣ «ዶክተር፣ ትምህርቱ መልካም ነበር፤ እኔ ግን እርስዎን የማውቅዎት ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው» አለኝ።

በሳምንቱ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅር አለኝ፤ ቡናም አፈላልኝ። ከዚያ ወዲህ ያዘጋጃቸውን ጽሑፎች አነበብሁለት፣ በየማመልከቻው የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍሁለት። የማንም ተማሪ ጽሑፍ ከሁለት ሳምንት በላይ እኔ ዘንድ እንዳይቆይም ወሰንሁ፤ ቀኑን በሽፋኑ ላይ እጽፋለሁ። ያ ያመለጠው ዓመት ግን እንኳን አራት እጥፍ፣ አንድ እጥፍም የሚመለስበትን መንገድ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል፤ ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።