የቅኔ ቤት ሥርዓትና የዘመናችን መምህር

ተማሪን ከነባህሉ አክብሮ፣ አሳቡንም በነጻነት እንዲገልጥ ፈቅዶ ማስተማር ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን ያቀፈው የጎጃም ምድር፣ ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤያት የገነኑበት እንደ መሆኑ መጠን፣ የዚህን ጥበብ አንዱን ወገን ብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል።

ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ የሚያድረው የቅኔ ተማሪ፣ ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ አፍ ከተቀበለ በኋላ፣ በሁለት ቤት ከሚፈጸመው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ መወድስ እያደገ ሲሄድ፣ የሚቆጥረው ቅኔ የራሱና አዲስ ሊሆን ይገባል፤ የባልንጀራን ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ነውር ነውና። የኔታም የሚያደምጡት ተማሪው ቃላቸውን መልሶ እንዲያሰማቸው ሳይሆን፣ በሰሙ ውስጥ የሰወረውን ወርቅ መርምረው፣ ምሥጢሩ የተፋለሰ እንደ ሆነ ለማረም ነው። ሰሙም ከቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከእርሻው፣ ከዝናሙና ከእናት ጓዳ ስለሚቀዳ፣ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው ዕውቀት በጉባኤው መካከል ሞገስ ያገኛል።

ይሁን እንጂ ይህ ቤት ያለ እንከን አልነበረም፤ አለንጋው የጸና፣ ደጁም ለሴቶች ልጆች የጠበበ ነበር። ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ በዚያው በጎጃም ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት ዐይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ሴቶችን ያራቃቸው ልማድ እንጂ የአእምሮ ማነስ እንዳልነበረ በሕይወታቸው መሰከሩ። ስለዚህ ባህልን የሚያከብር መምህር ባህሉን ይመረምራል ማለት ነው።

ወደ ዘመናችን ትምህርት ቤት ስንመጣ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በመደንገጉ፣ በአጎራባቹ በአዊ ዞን ሕፃናት በአገውኛ ይማራሉ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ90ኛው አንቀጽ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ያዝዛል። አንዱ ባህልን ወደ ክፍል የሚያስገባ፣ ሌላው የሚያስወጣ ቢመስልም፣ ሁለቱ የሚስማሙት በመምህሩ ምግባር ነው፦ ምሳሌውን ከተማሪዎቹ መንደር ያመጣል፤ የማንንም እምነትና ልማድ ግን ለሌላው መለኪያ አያደርግም።

ታዲያ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ከቅኔ ቤት ሊወርስ የሚገባው የተማሪውን የራስ አሳብ መጠየቅን ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ወንዱም ሴቷም መልሳቸውን ከነምክንያቱ ይናገሩ፤ የሳተው ሳያፍር ይታረም፤ መምህሩም ስለ ተናገረው ነገር «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ አይቆጣ። በክፍል ውስጥ ምክንያት መስጠትንና መቀበልን ያልለመደ ልጅ፣ አድጎ በሸንጎ ሲቀመጥ ከየት ያመጣዋል?