ተጨማሪ መረጃ፦ ሞላው ሲቆረጥ

እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች አሮጌ ሸቭሮሌ ገዝተው መሬት ሊነካ እስኪቃረብ ዝቅ ያደርጉት ነበር። አንዳንዱ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የአሸዋ ጆንያ ይጭናል፣ ሌላው ሞላውን ይቆርጣል። ካሊፎርኒያ በ1958 የመኪናው አካል ከቸርኬው ግርጌ በታች እንዳይወርድ በሕግ ከለከለች።

ሞላ ሲቆረጥ ማጠር ብቻ አይደለም፤ ይጠነክራልም። ባለ 8 ዙር ሞላ 2 ዙር ቢቀነስለት ግትርነቱ በሲሶ ያህል ያድጋል (8÷6 ≈ 1.33)። የክብደት ማዕከሉም ስለሚወርድ መኪናው ኩርባ ላይ ብዙ አያጋድልም፤ ጉድጓድ ላይ ግን ወገብ ይቆርጣል።

ጣና ሐይቅ ዳር ባለው ፎገራ ሜዳ ላይ ይህን መኪና ዝቅ የማድረግ ፋሽን መሞከር ሞኝነት ነው። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ጥቁሩ መረሬ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ከወረታ አስፋልት ወጥቶ ሩዝ የሚጭን አይሱዙ የሚሻው ከፍታና ጠንካራ ባሌስትራ ነው። ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ሲደረብ እንደ ተቆረጠው ሞላ ሁሉ ግትርነቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ መኪናው በጭነት ብዙ አይወርድም። ባዶውን ሲመለስ እንዴት እንደሚያንገጫግጭ ሾፌሩን ጠይቁት።