ጠባብ ክፍል እንዴት ይሰፋል?

አንባቢ ሆይ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ተጉዘው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው መሐል ሜዳ ሲደርሱ አስቀድሞ የሚቀበልዎ ብርዱ ነው። ቀጥሎ የሚቀበልዎ የተከራዩት ክፍል ጥበት ነው። አዲስ የተመደበው ጸሐፊ ወይም መምህር፣ ስንቁን ተሸክሞ ከገጠር የመጣው ተማሪ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በአንዲት ክፍል ነው። አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ የውሃው ጀሪካን፣ የምግቡ ዕቃና የልብሱ ሻንጣ በአራት ግድግዳ መካከል ሲጋፉ ይውላሉ። ሰውየውም ከሥራ ሲመለስ የሚቀመጥበት ሥፍራ ያጣና ወደ ሻይ ቤት ይሄዳል፤ ደመወዙም እዚያው ያልቃል።

ስለ ጠባብ ክፍል ብልሃት መማር የሚሻ ሰው የመርከብ ተሳፋሪን ይጠይቅ። ሰዎች ለመዝናናት በሚጓዙባቸው ታላላቅ መርከቦች ውስጥ እንኳ፣ መስኮት የሌላት አነስተኛ ክፍል ስፋቷ ብዙውን ጊዜ 15 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም ሁለት ሰዎች በዚያች ክፍል አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ተመችቷቸው ይሰነብታሉ። ምሥጢሩ ሦስት ነው። ባዶው ሻንጣ ከአልጋ ሥር ይገባል። ልብስና ቦርሳ ከወለል ተነሥቶ ከግድግዳ ይሰቀላል፤ የመርከቡ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው መስቀያ ይይዛል። ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቦታ አለው፤ ከተሠራበት በኋላም ወደዚያው ይመለሳል። ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው ዝነኛ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያም በ1952 እ.ኤ.አ. በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳር ለራሱ ያሠራት የዕረፍት ቤት እያንዳንዱ ጎኗ 3.66 ሜትር ብቻ ነበረ።

እንግዲህ ይህን ብልሃት ወደ መሐል ሜዳ እናምጣው። በመጀመሪያ አልጋዎን ከፍ ያድርጉ። በአራቱ እግሮች ሥር እኩል የሆኑና የማይነቃነቁ ድንጋዮች ወይም ጡቦች ቢያስቀምጡ፣ ሻንጣው፣ ጫማውና የማይለበሰው ልብስ ሁሉ ከሥር ይገባል። ቀጥሎ ወደ ግድግዳው ይመልከቱ። በጭቃ ግድግዳ ላይ እንዲሁ የተመታ ምስማር ጥቂት ሰንብቶ ይወድቃልና፣ አከራይዎን አስፈቅደው ቋሚ እንጨቱ ያለበትን ሥፍራ ይፈልጉ፤ ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው ጣውላ አጋድመው ይምቱ፤ ምስማሩንም በጣውላው ላይ ይደርድሩ። ግድግዳው ድንጋይ ከሆነ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ገመድ ይዘርጉ። በዚያ ደጋ የሚበቅለው የጓሳ ሣር ከጥንት ጀምሮ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲያገለግል የኖረ ነው።

ጠረጴዛው ከመስኮቱ አጠገብ ይሁን፤ የቀን ብርሃን ዋጋ አይጠየቅበትም። ውሃና የምግብ ዕቃ ከበሩ አጠገብ፣ መጽሐፍና ወረቀት ከእነርሱ ርቆ ይቀመጥ። በሶውንና ቆሎውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ቢያኖሩት አይጥ አይደፍረውም። ከጓደኛዎ ጋር የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ የትኛው ጎን የማን እንደሆነ፣ መብራትም በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ከመጀመሪያው ቀን ይስማሙ፤ በጠባብ ክፍል ትንሹ ቅሬታ ቶሎ ጠብ ይሆናል።

አሁን ወደ ብርዱ እንመለስ። ቆርቆሮ ክዳን የቀኑን ሙቀት ቶሎ ስለሚለቅ፣ ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም አቡጀዴ ሰፍተው ኮርኒስ ቢያደርጉለት ልዩነቱን ያዩታል። የግድግዳውን ስንጥቅ በዱቄት ሙጫ በተለጠፈ ጋዜጣ ይድፈኑት። ብርድ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ይመጣልና ከፍራሹ በላይ አጎዛ ያንጥፉ፤ ከላይም ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራውን ባና ይደርቡ። የአገሩ ሰው ውርጩን ሲቋቋም የኖረው በዚሁ ጠጉር ነው፤ በርኖሱም የተገኘው ከዚሁ ነው።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውን ምክር ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። የከሰል ማንደጃ እሳቱ እየነደደ በክፍልዎ ውስጥ አይተኙ። ብዙ ሰው «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱም ጠፍቷል፣ እንግዲህ አይጎዳም» ይላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ገዳዩ ጭሱ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። መልክ የለውም፣ ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ሲገባ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ከደም ጋር ይጣበቃል፤ ደሙም ኦክሲጅን ለሰውነት ማድረስ ይሳነዋል። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያዞረውና ሲያቅለሸልሸው አውቆ ሊወጣ ይችላል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ይቀራል። ስንጥቁን ሁሉ በጋዜጣ ደፍነው እንደሆነ አደጋው ይብሳል። በአመድ የተዳፈነ ፍምም ያው ነው፤ መስኮትን በጥቂቱ መክፈትም መተማመኛ አይሆንም። አንድ ሰው በዚህ ተመትቶ ቢያገኙት ፈጥነው በሩን ይክፈቱ፣ ወደ ደጅ ያውጡት፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።

አባቶቻችን «ሆድ ካገር ይሰፋል» ይላሉ። ክፍሏ ብትጠብም ዕቃው በቦታው ከዋለ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ መጽሐፍ የሚዘረጋበት፣ ቡናም የሚፈላበት ሥፍራ አይታጣም። ቡናው ተጠጥቶ እንግዳው ሲሸኝ ግን ማንደጃውን ከነፍሙ ወደ ደጅ ያውጡ፤ በሩንም ጥቂት ከፍተው አየሩ ይለወጥ። ከዚያ በኋላ ዘግተው፣ ባናዎን ደርበው፣ በሰላም ይተኙ።